ምናባዊው ዓለምና የሳይንስ ትምህርት

(በራዲዮ የተነገረ)



አንድ የሰባት ዓመት ሕፃን «መሬት ምን ዐይነት ቅርጽ አላት?» ተብሎ ቢጠየቅ «ክብ ናት» ብሎ ሳያመነታ ይመልሳል። መልሱን የሰማው መምህር ወይም ወላጅም ሕፃኑ ትምህርቱን ያወቀ ስለሚመስለው ደስ ብሎት ያልፋል። ነገር ግን ጥያቄው በዚህ ሳያበቃ «እንግዲያውስ ብዙ ቀን ሳታቋርጥ ወደ ፊት ብትጓዝ ወዴት ትደርሳለህ?» የተባለ እንደ ሆነ፤ ያው ሕፃን «ከመሬት ዳር እደርሳለሁ» ሊል ይችላል። «ከዳሩ ስትደርስ አትወድቅምን?» ሲሉት ደግሞ «አልወድቅም፤ እኛ የምንኖረው ከውስጧ ነው» ብሎ ጠያቂውን ያስደንቀዋል።

ይህ ለጨዋታ ያህል የተፈጠረ ወግ አይደለም። ስቴላ ቮስኒያዱና ዊልያም ብሩወር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ1992 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፤ በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት የሚማሩ 60 የአንደኛ፣ የሦስተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆችን እንዲህ ባሉ ጥያቄዎች መርምረዋቸው ነበር። (በዚህ ንግግር የሚነሡት ዓመታት፤ የኢትዮጵያ ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር፤ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከልጆቹ አንዳንዶቹ መሬትን እንደ ምጣድ ክብና ዝርግ አድርገው የሚያስቡ ሆነው ተገኙ። አንዳንዶቹ መሬት ሁለት ናት ይላሉ፤ አንደኛዪቱ በሰማይ ላይ ያለችው፤ መምህሩ ክብ ናት የሚላት፤ ሁለተኛዪቱ እኛ የምንረግጣት ዝርጓ መሬት ናት። ሌሎቹ ደግሞ መሬትን ውስጧ ባዶ እንደ ሆነ ኳስ ይገምቷትና፤ ሰዎች ከኳሷ ውስጥ በተነጠፈ ደልዳላ ሜዳ ላይ እንደሚኖሩ፤ ሰማይም ከላይ እንደ ክዳን እንደ ተደፋ ይናገራሉ።

እንግዲህ እነዚህ ልጆች «ክብ» የሚለውን ቃል ያላጡ መሆናቸውን ልብ በሉ። በየቀኑ የሚራመዱበት ምድር ዝርግ ሆኖ ይታያቸዋል፤ መምህሩ ደግሞ ክብ ነው ይላቸዋል፤ እነርሱም መምህሩን ሐሰተኛ ላለማድረግ፤ ዐይናቸውንም ላለመካድ ሲሉ፤ ሁለቱን የሚያስታርቅ ሦስተኛ ዓለም በአእምሯቸው ይሠራሉ። ለእንዲህ ያለው ልጅ ቃሉን አሥር ጊዜ ቢደግሙለት፤ ቃሉን ራሱ በሠራው ዓለም ውስጥ ያስቀምጠዋል እንጂ ያን ዓለም አያፈርስም። በፈተና ጊዜ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ የያዘው አሳብ ግን እንደ ነበረ ነው።

ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ፤ ቨርቹዋል ሪያሊቲ በመባል የታወቀውና በአማርኛ ምናባዊ እውነታ እየተባለ የሚጠራው ጥበብ ለሳይንስ ትምህርት እንዴት እንደሚሰናዳ ነው። ንግግሬን ከልጆች ስሕተት መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ጥበብ የሚሠራ የትምህርት ዓለም እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው፤ ሠሪዎቹ «መሣሪያው ምን ያሳያል?» ከማለታቸው በፊት «ተማሪው ምን ብሎ ተሳስቷል?» ብለው የጠየቁ እንደ ሆነ ነው። ይህንም ባለፉት 30 ዓመታት ከተሠሩት ሥራዎች መካከል በጥቂቶቹ ለማሳየት እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ስለ መሣሪያው አሠራር ጥቂት ማለት ይገባል። መሣሪያው ጠላቂ ዋናተኞች እንደሚያደርጉት መነጽር ዐይንን ሁሉ የሚሸፍንና በራስ ላይ የሚታሰር ነው። በውስጡ ለግራ ዐይን አንድ፤ ለቀኝ ዐይን አንድ ሥዕል ይታያል። ሁለቱ ዐይኖቻችን ተራርቀው የተቀመጡ በመሆናቸው አንዱን ነገር የሚያዩት በጥቂት ልዩነት ነው፤ አእምሯችንም ርቀትንና ጥልቀትን ከሚገምትባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ልዩነት ነው። መሣሪያው ያንኑ ልዩነት አስመስሎ በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ስለሚያስገባ፤ ተመልካቹ ከሥዕሉ ፊት የቆመ መሆኑን ይረሳና ከሥዕሉ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ራሱን ወደ ቀኝ ባዞረ ጊዜ እንቅስቃሴውን የሚለኩ ረቂቅ መሣሪያዎች ወዲያው ለኮምፒዩተሩ ያስታውቃሉ፤ ኮምፒዩተሩም ሥዕሉን እንደ ገና ይሥለዋል። ይህ ሁሉ በዛሬዎቹ መሣሪያዎች በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ 90 ጊዜ ያህል ይፈጸማል። ሥዕሉ ከራስ እንቅስቃሴ ጥቂት የዘገየ እንደ ሆነ፤ ወይም ሰውየው ቆሞ ሳለ ሥዕሉ የሚያስሮጠው እንደ ሆነ፤ ዐይንና ጆሮ የማይስማማ ወሬ ለአእምሮ ያቀብላሉ። የሰውነታችን ሚዛን መጠበቂያ በውስጠኛው ጆሮ ነውና። ያን ጊዜ ሰውየውን ባሕር ላይ እንዳለ መንገደኛ ያጥወለውለዋል።

ሐሳቡ ከመሣሪያው ይልቅ የቆየ ነው። አይቫን ሰዘርላንድ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ በ1965 ዓ.ም. በጻፈው አጭር ጽሑፍ፤ ከኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ ማሳያ በግዙፉ ዓለም ሊታዩ ከማይችሉ ነገሮች ጋር ሰውን ሊያለማምድ እንደሚችል ገልጾ ነበር። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ በራስ ላይ የሚደረገውን ማሳያ ለዓለም አሳወቀ። የዚያን ጊዜው መሣሪያ ከባድ ስለ ነበር፤ ከጣሪያ በተሰቀለ ክንድ ተደግፎ ከሰው ራስ ላይ ይወርድ ነበር፤ የሚታይበትም በመስመር ብቻ የተነደፈ ቅርጽ ነበር። ዛሬ ያው ነገር ቀሎና ረክሶ በሱቅ ይሸጣል።

አሁን ወደ ልጆቹ እንመለስ። በቺካጎ የሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ጥበብ ቀደም ብሎ ስም ካተረፉት አንዱ ነው። ኬቭ የተባለውን ክፍል በ1992 ዓ.ም. ለሕዝብ ያሳየው ይኸው ዩኒቨርሲቲ ነው። ኬቭ በእንግሊዝኛ ዋሻ ማለት ሲሆን፤ በግድግዳዎቹና በወለሉ ላይ ሥዕል የሚታይበት፤ ወርዱም ቁመቱም 3 ሜትር ያህል የሆነ ክፍል ነው፤ የሚገባበት ሰው ቀላል መነጽር ብቻ ያደርጋል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ፤ አንድሩ ጆንሰን፣ ቶማስ ሞኸርና ስቴላን ኦልሰን የተባሉ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የመሬትን ክብነት ለትንንሽ ልጆች የሚያስረዳ ምናባዊ ዓለም ሠሩ።

እዚህ ላይ አድማጭ «ልጁን ወደ ጠፈር አውጥተው ክቧን መሬት ከሩቅ አሳዩት» ብሎ ሳይገምት አይቀርም። እኔም ስለዚህ ሥራ መጀመሪያ ሳነብ የጠበቅሁት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ክብ መሬትን በሥዕል ያላየ ተማሪ የትም አይገኝም። መሬት ሁለት ናት ለሚል ልጅማ፤ ከጠፈር የሚታየው ሥዕል ምንም ቢያምር፤ ያችን የሰማዪቱን መሬት በዐይኑ እንዳየ ያህል ያረጋግጥለታል እንጂ እግሩ ካረፈባት መሬት ጋር አያገናኝለትም።

ስለዚህ ሠሪዎቹ ልጁን ከመሬት አንሥተው ከአንዲት ትንሽ የጠፈር ድንጋይ ላይ አሳረፉት። ምክንያታቸው ሁለት ነው። ልጁ ስለ መሬት አስቀድሞ የያዘው እምነት አለው፤ ስለዚያች ድንጋይ ግን ምንም የሚያውቀው ስለሌለ የሚጠብቅላት አሮጌ አሳብ የለውም። ዳግመኛም፤ የመሬት ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ማንም በእግሩ እየሄደ ክብነቷን ሊያስተውል አይችልም፤ የጠፈሯ ድንጋይ ግን እጅግ ትንሽ ተደርጋ ስለ ተሠራች፤ ቀጥ ብሎ የተራመደ ልጅ ብዙ ሳይቆይ ከተነሣበት ስፍራ ይደርሳል። አድማሱም ከእግሩ ሥር ነው ለማለት ይቻላል። ከፊቱ ያለው ነገር መጀመሪያ ጫፉ ብቻ ብቅ ይላል፤ ልጁ ሲቀርብ ወገቡ፤ በመጨረሻም ሥሩ ይታያል። መርከብ ከባሕር ማዶ ስትመጣ አስቀድሞ ምሰሶዋ ይታያል እየተባለ በመጽሐፍ የምናስተምረው ነገር፤ ባሕር አይቶ ለማያውቅ ልጅ በእግሩ የሚደርስበት ነገር ሆነለት።

ከዚህም ይበልጥ ብልኅነት የሚታይበት ቀጥሎ ያለው ነው። ልጆቹ የሚገቡት ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው። አንደኛው ልጅ በኬቭ ውስጥ ሆኖ የጠፈር ተጓዥ ይሆናል፤ በድንጋዩዋ ላይ ይራመዳል፤ የሚታየው ከእግሩ ሥር ያለው ምድርና ቅርቡ አድማስ ብቻ ነው። ሁለተኛው ልጅ በሌላ ስፍራ ከአንድ ትልቅ ማሳያ ፊት ተቀምጦ የጉዞው ተቆጣጣሪ ይሆናል፤ ለእርሱ ድንጋዪቱ ከሩቅ እንደ ኳስ ክብ ሆና፤ ጓደኛውም በላይዋ ላይ እንደ ጉንዳን ሲሄድ ይታየዋል። መንኮራኩራቸው እንድትነሣ በድንጋዪቱ ዙሪያ ተበትኖ ያለውን የኀይል ማደያ ሁሉ መሰብሰብ አለባቸው። የት የት እንዳለ የሚያየው ተቆጣጣሪው ነው፤ ሄዶ የሚያነሣው ደግሞ ተጓዡ ነው። እንግዲህ አንዱ ያለ ሌላው ምንም ሊሠራ አይችልም።

እስኪ የሚነጋገሩትን በአሳባችን እንከተል። ተቆጣጣሪው «ከበስተ ታች በኩል ነው፤ ወደ ታች ሂድ» ይላል። ተጓዡ እግሩ ሥር ይመለከታል፤ ወደ ታች የሚወስድ መንገድ የለም፤ ሁሉም በኩል ሜዳ ነው። «የቱ ነው ታች?» ይላል። ተቆጣጣሪው ወደ ማሳያው ሲመለከት ጓደኛው ራሱን ቁልቁል አድርጎ ተሰቅሎ ይታየዋል፤ ሆኖም አይወድቅም፤ የተሰቀለም አይመስለውም። ታችና ላይ የሚሉት ቃላት ለሁለቱም አንድ አለመሆናቸው በሥራ መካከል፤ ማንም ሳይነግራቸው፤ ይገለጥላቸዋል። ሥራው እንዲቃና የግድ አንዱ የሚያየውን ሌላው ወደሚያየው መለወጥ አለባቸው። ቀጥሎም ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ተጓዥ የነበረው ተቆጣጣሪ ይሆናል። አስቀድሜ እንዳልሁት፤ ልጆቹ ያጡት ዝርጉን ምድርና ክቧን መሬት የሚያገናኝላቸውን ነገር ነው፤ የዚህ ጨዋታ አደራረግ ልክ በዚያ በጎደለው ስፍራ ላይ ተተክሏል።

ሠሪዎቹ ግን ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሥራው ያለቀ አላደረጉትም። ልጆቹ ከምናባዊው ዓለም ሲወጡ አንድ ሰው ተቀብሎ ያነጋግራቸዋል፤ በድንጋዩዋ ላይ ያዩትን እያስታወሰ ወደ መሬት ያመጣቸዋል፤ በእጅ በሚያዝ ሉል ላይም እየጠቆመ ይጠይቃቸዋል። አንድ ልጅ በጠፈር ድንጋይ ላይ የተማረውን ነገር በገዛ ራሱ ወደ መሬት ያሻግረዋል ብሎ ማመን የዋህነት እንደ ሆነ ስለ ተረዱ ነው። በብዙ ሺህ ዶላር የተሠራው ክፍል ትምህርቱን የፈጸመው በእጅ በሚያዝ ሉል እየታገዘ ነው፤ ይህም እኔን እጅግ ደስ ያሰኘኛል።

ለታላላቆቹ ተማሪዎች የተሠራውንም እንመልከት። ኒውተን ስለ እንቅስቃሴ የጻፈውን ታላቅ መጽሐፉን ካሳተመ ከ1687 ዓ.ም. ወዲህ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ነገር የሚገታው ኀይል ካላገኘው በቀር በዚያው ፍጥነት ቀጥ ብሎ መሄዱን እንደማያቋርጥ በፊዚክስ ትምህርት ያለፈ ሁሉ በቃሉ ይደግመዋል። ነገር ግን ሕጉን በቃሉ የሚያውቀው ተማሪ ራሱ፤ የተመታች ኳስ የምትቆመው የተሰጣት ኀይል ስላለቀባት ነው ብሎ በልቡ ያምናል። አይፈረድበትም። የሚኖርበት ዓለም ሁልጊዜ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። የጋሪው ፈረስ የቆመ እንደ ሆነ ጋሪው ይቆማል፤ በሜዳ የተንከባለለችም ኳስ ሳር ይይዛታል። ፍትጊያ የሌለበትን ዓለም ያየ ሰው የለም።

በቨርጂኒያ ግዛት በሚገኘው የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ክሪስ ዲድና ማሪሊን ሳልዝማን፤ በሂዩስተን ዩኒቨርሲቲም ቦወን ሎፍቲን፤ በ1990ዎቹ ዓመታት ሳይንስ ስፔስ የተባሉትን ሦስት ምናባዊ ዓለሞች የሠሩት ከዚህ ችግር ተነሥተው ነው። ከሦስቱ አንደኛው በኒውተን፣ ሁለተኛው በማክስዌል፣ ሦስተኛው በፖሊንግ ስም ተሰይመዋል። የመጨረሻው የሞለኪዩሎችን አሠራር የሚያሳይ ነው፤ እርሱን እለፈው።

በኒውተን ዓለም ውስጥ ተማሪው ራሱን ያገኘው በዐምዶች በታጠረ ረጅም አዳራሽ ውስጥ ነው። በዚያ የመሬት ስበት የለም፤ ፍትጊያም የለም። ኳሶች በአዳራሹ ርዝመት ይመላለሳሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይጋጫሉ። ተማሪው ከዳር ቆሞ ሊመለከታቸው ይችላል፤ ከወደደም ከኳሶቹ አንዷን ሆኖ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ዐምዶቹም ለጌጥ የቆሙ አይደሉም፤ ባዶ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ፍጥነትን የሚገምቱበት ምልክት ስለሌለ፤ ተማሪው ምን ያህል እንደሚፈጥን በዐምዶቹ ማለፍ ያውቃል። ፍጥነት በድምፅ ጭምር ይገለጥለታል፤ በኳስ ውስጥ ታምቆ ያለውም ኀይል ተማሪው በለበሰው የሚነዝር ሰደርያ በኩል በሰውነቱ ይሰማዋል። የቀረውን ሁሉ፤ ቀለምም ሆነ ጌጥ፤ ሠሪዎቹ ቀንሰውታል። የገሃዱ ዓለም የሚሸፍነውን አንድ ሕግ ለመግለጥ ሲሉ ከገሃዱ ዓለም ብዙውን አጠፉ ማለት ነው። ምናባዊ ዓለም ሁሉ እውነተኛውን ዓለም በትክክል መምሰል አለበት የሚለው የብዙ ሰዎች እምነት ቢያንስ ለሳይንስ ትምህርት ስሕተት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የማክስዌል ዓለም ስለ ኤሌክትሪክ መስክ ነው። የመስክ መስመሮች በመጽሐፍ ሲሣሉ በወረቀት ላይ የተዘረጉ ስለ ሆኑ፤ ብዙ ተማሪ መስኩ እንደ ወረቀቱ ጠፍጣፋ ይመስለዋል። በምናባዊው ዓለም ግን ተማሪው በገዛ እጁ የኤሌክትሪክ ሙላቶችን በአየር ላይ ያስቀምጣል፤ መስመሮቹ ከየአቅጣጫው ሲወጡ፤ በራሱም ላይ ሲያልፉ ያያል፤ አንዲት ትንሽ መፈተኛ ሙላት ለቆ ወዴት እንደምትገፋ ይከተላል። ሠሪዎቹ ይህን ዓለም በተራ ኮምፒዩተር ላይ ከሚታይ ጠፍጣፋ ማሳያ ጋር በተማሪዎች ባስተያዩት ጊዜ፤ በምናባዊው ዓለም የተማሩት መስኩ በሁሉም አቅጣጫ ያለው መሆኑን የተሻለ አድርገው ሊያስረዱ ችለዋል። ችግርም አልታጣም፤ በምናባዊ እጅ ከዝርዝር ውስጥ ትእዛዝ መምረጥ አንዳንዶቹን አስቸግሯቸዋል፤ አንዳንዶቹንም አጥወልውሏቸዋል። ሠሪዎቹ ከተማሪዎችና ከመምህራን የሰሙትን እየመዘገቡ ሥራቸውን ደጋግመው አርመውታል።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ጥበቡን የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የተገላቢጦሹን ያልሰማ ሰው ግማሹን ብቻ ሰማ ማለት ነው።

ጆስሊን ፓሮንግና ሪቻርድ ሜየር የተባሉ በሳንታ ባርባራ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፤ ስለ ደም ሴሎች የሚያስረዳ አንድ ትምህርት ለግማሾቹ ተማሪዎች በምናባዊ እውነታ መነጽር፤ ለግማሾቹ ደግሞ በተራ የስላይድ ሥዕልና ጽሑፍ አቅርበው ነበር። በመነጽሩ ያዩት ትምህርቱን እጅግ እንደ ወደዱት ተናገሩ፤ በፈተና ግን የበለጡት ስላይድ ያዩት ሆኑ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ጊዶ ማክራንስኪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ 52 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በአንድ ምናባዊ የሳይንስ ላቦራቶሪ ፈተናቸው። ያንኑ ላቦራቶሪ በመነጽር ባዩት ጊዜ በእውነት በስፍራው እንዳሉ ያህል ተሰማቸው፤ የተማሩት ግን በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ካዩት ጊዜ ያነሰ ነበር። ተመራማሪዎቹ የአንጎላቸውንም የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ለክተው ስለ ነበር፤ በመነጽሩ ጊዜ አእምሯቸው የበለጠ ሸክም እንደ ነበረበት አስተውለዋል።

ምክንያቱ ለማስተዋል የሚከብድ አይደለም። የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ጥቂት ነገር ነው። የክፍሉ ማማር፤ የዕቃዎቹ መንቀሳቀስ፤ ወደ ኋላም ዞር ብሎ የማየት ጉጉት፤ እነዚህ ሁሉ ያንኑ ጥቂት ስፍራ ይሻማሉ። ከዚህም በቀር መነጽሩን ያደረገ ተማሪ ደብተሩን ማየት አይችልም፤ ማስታወሻ ልጻፍ ቢል እጁንም አያየውም። መድኃኒቱን ያገኙት እነዚያው የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ናቸው። ትምህርቱን በክፍል በክፍል ቆራርጠው፤ ተማሪው በየክፍሉ መጨረሻ ያየውን በራሱ ቃል አሳጥሮ እንዲጽፍ ባደረጉ ጊዜ፤ ሳያቋርጥ ካየው ይልቅ ብዙ ተማረ፤ ፍላጎቱም አልቀነሰም።

እኔ በበኩሌ በዚህ ላይ የምጨምረው አስተያየት አለኝ። የደም ሴሎችን ስምና ሥራ ለማወቅ ጠፍጣፋ ሥዕል ይበቃል፤ ተማሪው ሴል ውስጥ ገብቶ ካልቆመ በቀር የማይነቀል የተሳሳተ እምነት የለበትም። ስለ መሬት ክብነት ወይም ስለ መስክ አዘረጋግ ግን አለበት። አንዱ ጥበብ በአንድ ስፍራ ረድቶ በሌላ ስፍራ ያልረዳበት ምክንያት አንዱ ይህ ይመስለኛል።

ይህን ጉዳይ ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች ያቀረብሁት፤ ከመካከላችሁ በዕቅድ፣ በበጀት፣ በግዥ ወይም በትምህርት መሥሪያ ቤቶች የምታገለግሉ ስለምትገኙ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ይገዛ የሚል ማስታወሻ ዛሬ ወይም ነገ ከጠረጴዛችሁ ላይ መድረሱ አይቀርም። በአገራችን፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፤ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሰራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀምሮ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ፤ ሕዝቡ «ፕላዝማ» ይለው ነበር፤ ከእናንተም በእርሱ የተማራችሁ አላችሁ። ከዋና ከተማ ርቆ ለሚገኝ ተማሪ በደንብ የተሰናዳ የሳይንስ ትምህርትና በትምህርት ቤቱ ሊገኝ የማይችል ሙከራ ማሳየቱ በጎ ነገር ነበር። ነገር ግን ስርጭቱ በእንግሊዝኛ እየተናገረ በራሱ ፍጥነት ይነጉድ ነበር እንጂ ያልገባውን ተማሪ ቆሞ አይጠብቅም፤ መምህሩም ከክፍለ ጊዜው የሚተርፉትን ጥቂት ደቂቃዎች ይዞ ከዳር የሚቆም ሆነ። መሣሪያው ምን ሊያሳይ እንደሚችል በሚገባ ታስቦበት ነበር፤ በየክፍሉ ያለው ልጅ ምን ብሎ እንደ ተሳሳተ የሚጠይቅለት ግን አልነበረም።

ስለዚህ የምናባዊ እውነታ መሣሪያ ይገዛ የሚል ማመልከቻ ሲቀርብ፤ ስለ መነጽሩ ጥራት የተጻፈውን ገጽ ወደ ኋላ አቆይቶ፤ ትምህርቱ የትኛውን የተማሪዎች የተሳሳተ አሳብ ለማቃናት እንደ ተሠራ መጠየቅ ይገባል። በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነገር የማይችል ከሆነ ሠሪዎቹ ገና አላሰቡበትም ማለት ነው። ተማሪው ካየ በኋላ ከማን ጋር ይነጋገራል? የሚጽፍበትስ ጊዜ ተሰጥቶታልን? ድምፁ በየትኛው ቋንቋ ይናገራል? መምህሩ ተማሪው የሚያየውን በሌላ ማሳያ ላይ አብሮ ማየት ካልቻለ፤ ዐይኑ ከተሸፈነ ልጅ ጋር እንዴት ሊነጋገር ይችላል? ስለ ጤና ጥንቃቄም መዘንጋት አይገባም፤ አቅርቦቱ አጫጭር መሆን አለበት፤ የመሣሪያዎቹ ሠሪዎችም በመመሪያቸው ለሕፃናት የዕድሜ ወሰን ስለሚያደርጉ ከመግዛት በፊት እርሱን ማንበብ ያስፈልጋል።

ስለ ወጪውም ቢሆን ከቺካጎው ሥራ የምንወስደው ነገር አለ። ብዙ ሰው ለ40 ተማሪዎች 40 መነጽር ያስፈልጋል ብሎ ያሰላል። ሁለቱ ልጆች ግን የተማሩት አንዱ በውስጥ፤ አንዱ በውጭ ሆነው ስለ ተነጋገሩ ነው። በዚህ አደራረግ አንድ መነጽርና አንድ ተራ የኮምፒዩተር ማሳያ ለሁለት ልጆች ይበቃሉ፤ ግማሹ መነጽር የተቀነሰውም ከትምህርቱ ምንም ሳይጎድል ነው። ክፍሉ ተራ በተራ የሚገባ እንደ ሆነ ደግሞ አራት መነጽርና አራት ማሳያ ይዞ መጀመር ይቻላል፤ ተራ የሚጠብቁት ልጆችም መምህሩ በሉሉ ላይ የሚያሳየውን ይከታተላሉ።